አልሰክን ያለችው ሳተላይት

ሳተላይቷ ሰማይ ከወጣች አርባ ቀን ሆኗት አሁንም ትሽከረከራለች። እስካሁን መስከን ነበረባት። ሞተር የላትም፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ማግኔት እንደ ኮምፓስ አቅጣጫ ያስይዛታል፣ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ደግሞ ውዝዋዜዋን ያበርዱላታል። ዘንጎቹን የሠሩት የወርክሾፑ ብረት ሠራተኛ ጋሽ ሞረድ ናቸው። ስለዚህ ጥፋተኛ ፍለጋ ማንም አልደከመም።

«ዘንጎቹን እሳት አላሳየሃቸውም፤ እሳት ያላየ ዘንግ ደግሞ ውዝዋዜ አያበርድም» አለ ዳይሬክተሩ። አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ ማለት የለመደ ነው።

«ስድስት ሰዓት ምድጃ ውስጥ ቆይተዋል። እዚያው እንዳሉ ነው የቀዘቀዙት። አንዱንም መዶሻ አልነካውም።»

«ታዲያ ለምን ትሽከረከራለች?»

«እሱን እኔም ልጠይቅ ነበር የመጣሁት።»

ዳይሬክተሩ የስንብት ደብዳቤውን ገፋላቸው። «በቸልተኝነት» ይላል። የጋሽ ሞረድ ደም ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶ በቸልተኝነት ተባረረ የተባለን ብረት ሠራተኛ የትኛውም ወርክሾፕ ደጁን አያስረግጠውም።

ንዴታቸው የዛሬ ብቻ አልነበረም። ሳተላይቷ በተሸኘችበት ቀን ቱታ ለባሽ እንግዶች ፊት እንዳይታይ ተብሎ ወርክሾፕ ውስጥ ዋሉ። ዳይሬክተሩ ሳተላይቷንና ለሙከራ የተሠራች መንትያዋን ግራና ቀኝ አስቀምጦ ፎቶ ተነሣ። እሳቸው ከመንትያዋ እንድትለይ በሳተላይቷ ላይ የለጠፏትን ቀይ ፕላስተር እንኳ ፎቶ ታበላሻለች ብሎ ላጣት። ከዚያ የምትጓዘውን በገዛ እጁ ሳጥን ውስጥ አሸገና ጭብጨባውን ተቀበለ። ጭብጨባ ሲሆን የእሱ፣ ጥፋት ሲሆን የሞረድ።

«ፈርም።»

«አልፈርምም።»

«ፈረምክ አልፈረምክ ያው ነው። ቁልፉን ለጥበቃው ስጥና ውጣ።»

ሞረዶቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወረዱ። መግቢያው አዳራሽ ውስጥ መንትያዋ ለጎብኚ እንድትታይ በናይሎን ክር ተንጠልጥላለች።

«ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ ጠቆረ?» አለ ጥበቃው።

«በቁሜ ቀበሩኝ ልጄ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ዳይሬክተሩን መምታት ያልቻለው መዳፋቸው መንትያዋን ገፋ። ተሽከረከረች።

«ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ ንብረት ሰበርክ ብለው እኔን ነው የሚይዙኝ።»

«አይዞህ፣ ምንም አትሆንም። ራዲዮና ባትሪ እንጂ ማግኔትም ዘንግም የላትም። በእነሱ ቦታ እኩል የሚመዝን ናስ ነው የከተትኩባት። ስትዞር ትውላለች።»

ቁልፉን አስረከቡና ወደ በሩ ዞሩ።

«ቆማለች እኮ» አለ ጥበቃው።

ጋሽ ሞረድ ተመለሱ። በሁለት እጃቸው ይዘው አርማዋን ወደ በሩ አዞሩትና ለቀቋት። ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ ተመለሰች፣ ቀስ በቀስ በረደች፤ አርማዋን ወደ ሰሜን አድርጋም ቆመች።

ወደ ደቡብ አዞሯት፤ ተመልሳ ሰሜንን ይዛ ሰከነች።