ጓዳ ውስጥ የቆመው ጣቢያ

የባቡር ጣቢያው የፈረሰው በአንድ ቀን ነው። ጠዋት ቆሞ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የጡብ ክምር ሆነ። ልጅየው ክምሩን አይቶ ሲመለስ ሚስቱን ኩሽና ውስጥ አገኛት።

«ለአባባ እንዳትነግሪ» አላት።

አባትየው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚያ ጣቢያ ሹምነት ነው። አሁን አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪሙ «ልባቸው ድንጋጤ አይችልም፤ ክፉ ወሬ አታሰሟቸው» ብሏል። ሽማግሌው ግን ጠዋት ጸሎታቸውን እንዳደረሱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ጣቢያዬ እንዴት አደረ?»

ልጅየው አናጺ ነው። የሚሠራበት ቤት አሰናብቶታል። በምን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል፤ ቤት ውስጥ ግን አይነሳም። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው አልጋ ሥር ተጥሎ ነበር። ያን ሰሞን አወጣው። ጓዳ ገብቶ ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ግድግዳ አቆመ፤ በክብሪት እንጨት መስኮት አበጀ፤ የወተት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ጣራ አለበሰው። ሲያልቅ ርዝመቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ፀሐይ ላይ አወጣውና፣ በሆዱ ተኝቶ፣ ሰማዩን ከጀርባው አድርጎ በስልኩ አነሳው። ፎቶ ቤት ወስዶ አሳጠበው።

«በዚያ ሳልፍ ነው ያነሳሁልዎት» ብሎ ሰጣቸው።

አባትየው መነጽራቸውን አጠለቁ። ፎቶውን አቀረቡ፤ አራቁ።

«ይሄ ሁሉ ክረምት አልፎበት ግድግዳው እንዲህ ነጭ ነው? ማን አጠበው?»

ልጅየውን ላብ አጠመቀው። «ቀለም ቀብተውት ነው» አለ።

«ይሁና። አይበረክትም። አሸንዳው ያፈሳል፤ ዝገቱ ይወርድበታል። ደግመህ እየው እስቲ።»

ልጅየው ወደ ጓዳው ተመለሰ። ሚስማር ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ የዝገት ውሃ አወጣ፤ በቀጭን ብሩሽ ከአሸንዳው ሥር ቀስ እያለ አወረደው። የከሰል ዱቄት በጣቱ እያሸ ጣራውን አጠቆረ። አዲስ ነገርን ማስረጀት ከመሥራቱ ይብሳል። አንዲት ጠብታ ከበዛች ግድግዳው ቆሻሻ እንጂ አሮጌ አይመስልም።

በሳምንቱ አዲሱን ፎቶ ሲያዩ ሽማግሌው የበሩን ነገር አነሱ። ሰው የሚገፋበት ቦታ ቀለሙ መላላጥ ነበረበት። ቀጥለው የባቡር መጠበቂያውን ጠርዝ። ከዚያ ደግሞ አግዳሚ ወንበሩን፤ አንድ እግሩ ሰባራ ነው አሉ። እሳቸው እንከን አያጡም፤ ልጅየውም ከጓዳ አይወጣም።

«ውሸት እኮ ነው» አለች ሚስቲቱ፣ የጓዳው በር ላይ ቆማ። «አባቱን እየዋሸ የሚጸልይን ሰው ማን ይሰማዋል?»

«አንቺ ደግሞ ቄስ ሆንሽብኝ። እውነቱን ነግሬ ልግደላቸው?»

ጠጋ ብላ ትከሻው ላይ የወደቀውን የእንጨት ብናኝ አራገፈችለት። የሸተታት የሙጫ ሽታ ብቻ ነው። ለዚህስ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

አንድ ቀን ጉድ ፈላ። ልጅየው ቀለሙ ሳይደርቅ ጣቢያውን በእጁ ይዞት ኖሯል። ፎቶው ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ከበሩ በልጦ ግድግዳው ላይ ተጋድሟል። ሚስቲቱ ልብ ያለችው ፎቶው ሽማግሌው እጅ ከገባ በኋላ ነው። ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

አባትየው «አጉሊ መነጽሬን አቀብሉኝ» አሉ። ብዙ ቆዩበት።

«እዚህ ግድግዳው ላይ...» አሉ።

ሚስቲቱ በልቧ መጸለይ ጀመረች።

«...ውሃ ሠርጎበታል። ይታደስ።»

ባልና ሚስቱ ከክፍሉ ሲወጡ ልጅየው ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። «ዓይናቸው ደክሟል» አለ። ደስ ይበለው ይዘን አላወቀም።

ብዙም ሳይቆይ የድሮው ትኬት ቆራጭ ሊጠይቃቸው መጣ። አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ሚስቲቱ ደጅ ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ስለ ጣቢያው ትንፍሽ እንዳይሉ። አባባ ሰምተው አንድ ነገር ቢሆኑ በእርስዎ ነው።»

«እኔን ደግሞ ማን ወሬኛ አደረገኝ?» ብሎ ገባ።

በሩ ተዘጋ። ጆሮዋን ብትለጥፍም ሹክሹክታ እንጂ ቃል አልያዘችም። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን አወራችሁ?»

«የድሮውን ነዋ። ባልሽን በርታ በይው።»

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ምግብ እየተዉ፣ እየመነመኑ ሄዱ። ፎቶ ሲሰጧቸውም አየት አድርገው ደረታቸው ላይ ያስቀምጡታል እንጂ እንከን አያወጡም። ልጅየው ጣቢያውን ጨረሰ። የሚነካካው ነገር አልቀረም። ብሩሹን አጠበ፤ ጃኬቱን ደረበ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው።

«ትንሽ ልናፈስ።»

ወጣ። ሚስቲቱ መሀል ቤት ቆማ ቀረች። ሽማግሌው ዛሬ ነገ ሲባል ሊያልፉ ነው፤ ተታለው እንዲያልፉ ግን ሆዷ አልቻለም። ገብታ አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉን። ፎቶው የእውነት አይደለም። ጣቢያው ፈርሷል። ልጅዎ እርስዎ እንዳይደነግጡበት ብሎ ነው...»

አባትየው እጇን ያዙ። ፊታቸው አልተለወጠም።

«የፈረሰ ዕለት ሰምቻለሁ፣ ልጄ፤ ይልቅ ሩጪና ‹የዕቃ መጋዘኑን ረስተኸዋል ይሉሃል› በይው፣ መጠጥ ቤቱ ደጃፍ ሳይደርስ።»