በእትዬ ስም

ተደርምሶ ሰው የገደለ አዲስ ደረጃ የግንባታ ፎቶዎች ማክሰኞ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ጠፍተው ተገኙ። ማን እንዳጠፋቸውም ሰርቨሩ መዝግቧል፦ የፎቶ ማኅደር ኃላፊዋ።

ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። ጠረጴዛቸው ላይ የግንባታ ቆብ ያጠለቀ ልጃቸው፣ ገና ሲሚንቶው ባልደረቀ ደረጃ አጠገብ ቆሞ ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶ አለ።

የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራመር ወሬውን ሲሰማ የራሱ ሥራ ትዝ አለው። በቅርቡ ለእትዬ ተደጋጋሚ ፎቶዎችን የሚሰርዝ ፕሮግራም ሠርቶላቸው ነበር፤ ምሽት ምሽት በእሳቸው ስምና የይለፍ ቃል ገብቶ ኤም ድራይቭን የሚያጸዳ። ኤም፣ እትዬ በራሳቸው ኮምፒውተር ሲገቡ ብቻ ወደ ፎቶዎቹ የሚያደርሳቸው አቋራጭ ነው። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሞከረው፤ ሠራ። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ጫነው፣ ስህተት ሲገጥመው ዝም ብሎ እንዲያልፍ አዘዘው፣ ረሳው።

«ይሄ አዲሱ ሠራተኛዬ መቼ መቼ ነው የሚገባው?» ብለው ቀልደው ነበር እትዬ።

«ሁሉም ሲወጣ።»

ፎቶዎቹም የጠፉት ሁሉም ከወጣ በኋላ ነው።

«እትዬ ዓርብ ይሰናበታሉ» አለ አለቃው። «የቀረውን ፖሊስ ይጠይቃቸው።»

ፕሮግራመሩ ምሳ አልበላም። ወደ ማኅደር ክፍሉ ወረደ።

«እትዬ፣ ፕሮግራሙ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው አትንገር። አንተ ልጆች ታሳድጋለህ፤ የእኔ ጡረታ ደርሷል።»

«በእኔ ጥፋት እርስዎ እንዴት…»

«ተው አልኩህ እኮ፣ ልጄ።» የልጃቸውን ፎቶ ወደ ግድግዳው አዞሩት።

ለማንም ሳይናገር ወደ ሥራው ተመለሰ። ቤቱ ገብቶም ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ደግነታቸው ከበደው። ሐሙስ ጠዋት የአለቃውን በር አንኳኳ።

አለቃው ሰምቶ ሲጨርስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ሴትዮዋን ለማዳን ብለህ ከሆነ፣ እዚህ ቲያትር አንሠራም።»

«ላሳይዎት።»

ሰርቨሩ ፊት ተቀመጡ። አለቃው እያንዳንዱን እርምጃ እንዲያይ፣ ፕሮግራመሩ ፕሮግራሙን ዝም ያሰኘበትን ትእዛዝ አነሳ። ከዚያ ፕሮግራሙን በእትዬ ስም አስነሳው።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ኤም የሚባል ድራይቭ አልተገኘም። ፕሮግራሙ ከተጫነ ጀምሮ የተሰረዘ ፋይል፦ ዜሮ።»