የጉበት ጎረቤት

«ቲቸር፣ ሁለታችሁም ግቡ።» ዶክተር ናዲያ የምርመራ ክፍሉን በር በክርኗ ደግፋ ቆማለች።

ጸሐይወርቅ ከአግዳሚው ወንበር ብድግ አለች። ምን ማለቷ ነው ሁለታችሁም? በባሏ በመክብብ ጉበት ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ታየ ከተባለ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ባለፈው ሳምንት ተደብቃ መጥታ፣ «ውጤቱ ክፉ ከሆነ ለኔ ብቻ ንገሪኝ፤ እሱ እንዳይሰማ» ብላ ናዲያን አስጠንቅቃታለች። ደርግ በወደቀ ማግስት አራተኛ ክፍል ያስተማረቻት ልጅ ቃሏን ታጥፋለች ብላ መቼ ጠረጠረች? ወይ ዘመን!

መክብብ እንደ ልማዱ ቀድሟት ገብቶ ተቀምጧል። ለሠርግ ካልሆነ የማይወጣውን የክት ኮቱን ለብሷል። ለሐኪም ቤት እንዲህ መሽቀርቀሩ ጠዋት አስቋት ነበር፤ አሁን አላሳቃትም።

«ቲቸር፣ ለእርስዎ ብቻ እንድነግርዎት ለምነውኛል» አለች ናዲያ። «ጋሼ መክብብ ደግሞ ማክሰኞ መጥተው፣ ‹ለሚስቴ ትንፍሽ እንዳትዪ› ብለውኛል። እኔ ማንን ልስማ?»

ባልና ሚስት ተያዩ። መክብብ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ካንሰር አይደለም።»

«እሰይ! እሰይ የኔ እናት!» ጸሐይወርቅ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ግን ጋሼ፣ ጉበትዎ ስብ ይዟል፤ ተቆጥቷልም። አንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ አለ። አብዛኛው ደግ ነው። ጮማና መጠጥ ሲበዛ ግን ክፉዎቹ ይበረቱና መርዛቸውን በደም በኩል ጉበት ላይ ይለቁበታል። ጉበት እንዲህ ሲቆጣ ከኖረ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል ይላሉ፤ ገና እየተጠና ነው።»

«የላይኛው ጎረቤታችን ፍሳሹን በኛ ግቢ እንደሚለቀው በይኛ» አለ መክብብ።

«ልክ እንደሱ። ስለዚህ አረቄ ቀረ። ጮማም ቀረ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ይብሉ። በእግርዎ ደግሞ ሐይቁ ድረስ ይሂዱ።»

«እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ገባብኝ!»

ጸሐይወርቅ ሳቋ አመለጣት።

ውጭ መክብብ ባጃጅ ሊያስቆም እጁን ሲያነሳ ከኮቱ የደረት ኪስ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ጸሐይወርቅ አንስታ ገለጠችው። የቤታቸው ካርታ ነው።

«ይሄን ለምን ይዘህ መጣህ?»

«ምናልባት ክፉ ከሆነ…» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ከዚሁ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ በስምሽ ላዞረው ነበር። የአባቴ ቤት ነው፤ ወንድሞቼ በኋላ እንዳያንገላቱሽ ብዬ።»

ለካ ኮቱ ለዚህ ነበር። ካርታውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ባጃጁ አጠገባቸው ቆመ።

«ሂድ ልጄ፣ በእግራችን ነን» አለችው።

ቁልቁል ወደ ሐይቁ አቀኑ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር መክብብ መንገድ ላይ ሦስት እርምጃ ሳይቀድማት ሄዶ አያውቅም። ዛሬ ቆም ብሎ ጠበቃት።