ዘጠኝ ሚሊዮን ጊዜ የተሰማው ዘፈን እና ተቀባይዋ

«ቁጥሩ ይናገር ጋሼ! ዘጠኝ ሚሊዮን ጊዜ ተሰምቷል! ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ማናጀሩ ይህን ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገው...

አጠገቡ የተቀመጠው ዘፋኝ ጥቁር መነጽሩን እንኳ አላወለቀም። ሰው ሁሉ «ቁጥር አንድ» ነው የሚለው። እሱም ራሱን የሚጠራው እንደዛ ነው።

ቆይ... ከመቀጠሌ በፊት፦ ይቺን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቧት። ከዛሬ በኋላ ዘፈን ስትሰሙ ጆሯችሁ ሌላ ይሆናል፣ ቃሌ ነው።

ጋሼ የስታዲየም ኮንሰርት አዘጋጅ ናቸው። ኮንሰርቱን ማን ይዝጋ የሚለው ገና አልተወሰነም። መዝጋት ማለት ደግሞ... ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሕዝቡ ቆሞ ስምህን ሲጠራ ማለት ነው።

ጋሼ ግን «በወሬ አልመርጥም፤ የእውነት አድማጭ ያለው ይዘጋል» ብለዋል።

ቁጥሩን የምትመረምረው የቢሯቸው የዳታ ሠራተኛ ናት። በሩን ከፍታ ገባች።

ቁጥር አንድ አያትና... ሳቀ።

«ውይ! አንቺ! እዚህ ነው እንዴ የተደበቅሽው?»

ይተዋወቃሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ተቀባዩ ነበረች። ያ ዘጠኝ ሚሊዮን የተባለለት ዘፈን ላይ ከኋላ የምትቀበለው እሷ ናት። ዘፈኑ ሲወጣ ግን ስሟ የለም። ልትጠይቀው ስቱዲዮ ሄደች። በሙዚቀኞቹ ሁሉ ፊት ምን አላት መሰላችሁ?

«አንቺ እኮ የግድግዳ ቀለም ነሽ! ቤት የሚያይ ሰው ቀለሙን ማን ቀባው ብሎ ይጠይቃል?»

ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ።

አላለቀሰችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ወጣች። ዘፈን እርግፍ አድርጋ ተወች... ጥርሷን ነክሳ በስልኳ ዳታ ማንበብ ተማረች። (እኔም በስልኬ ነው የተማርኩት፣ ይቻላል!)

ወደ ቢሮው እንመለስ።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ቂም አለባት! እሷ ናት የምትዳኘን?» አለ ማናጀሩ።

«እውነትህን ነው፣ ቂም አለብኝ» አለች ፈገግ ብላ። «ለዛ ነው እኔ ምንም የማልነካው። የራሳችሁን ገጽ በራስህ ስልክ ክፈት። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትነካለህ።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማናጀሩ ምርጫ አልነበረውም።

«ሰዎች ዘፈኑን የት ላይ እንደሚያቋርጡ የሚያሳየውን ክፈት።»

ከፈተ። የአድማጩን ብዛት የሚያሳየው መስመር ሠላሳ አንደኛው ሰከንድ ላይ... ገደል ገባ።

እዚህ ጋ ላስረዳችሁ፣ የሚጥመው እዚህ ነው! ዘፈኑ በሚሰማበት መተግበሪያ ላይ አንድ ዘፈን «ተሰማ» ተብሎ የሚቆጠረው ግማሽ ደቂቃ ሲያልፍ ነው። አድማጭ የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ መደርደሪያ ሙሉ ስልክ ደርድረው ያንኑ ዘፈን ያጫውታሉ። ስልኩ ሠላሳ አንድ ሰከንድ ይሰማል፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ለምን ይጨርሰዋል? ስልክ ፍቅር አይዘው!

ሰው ግን እንደዛ አይሰማም። አንዱ አሥር ሰከንድ ላይ ይሰለቸዋል... ሌላው እስከ ጫፍ ይሄዳል... ሌላው አንዲት ቦታ ይወድና ይመልሳታል፣ ይመልሳታል...

«ይሄ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ እኩል ሠላሳ አንደኛው ሰከንድ ላይ ተነስቶ ሄደ?» አሉ ጋሼ። «ምነው፣ እሳት ተነስቶ ነው?»

ማናጀሩ ላብ በላብ ሆነ።

በዚህ ማብቃት ትችል ነበር። ግን ሦስት ዓመት የታመቀ ቂም በዚህ ይበርዳል እንዴ?

«አሁን እነዚያን ሠላሳ አንድ ላይ የሚያቋርጡትን አውጣቸው» አለች። «የቀረው ሰው ስንት እንደሆነ ይታየን።»

አወጣቸው። ከዘጠኝ ሚሊዮኑ ሁለት መቶ ሺህ ቀረ። እሷ ያሰበችው ማነሱን አሳይታ ልታዋርደው ነበር...

ግን እሷም ያልጠበቀችው ነገር ብቅ አለ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ... ተራራ! የእውነት ሰዎች እየመለሱ እየመለሱ የሚሰሙት ቦታ። ስልኮቹ እዚያ ደርሰው ስለማያውቁ፣ እስከ ዛሬ በነሱ ብዛት ተውጦ ነበር።

«እስቲ እሱን አጫውተው» አሉ ጋሼ።

ዘፈኑ ላይ ቁጥር አንድ ዝም ይላል... አንዲት ሴት ብቻዋን ታንጎራጉራለች። አሥራ ስምንት ሰከንድ።

«ማን ናት ይቺ?»

ማናጀሩ ራሱ አንገቱን ደፍቶ... በአገጩ ወደ ዳታ ሠራተኛዋ ጠቆመ።



«በሉ፣ አድማጭ ያላት እሷ ናት» አሉ ጋሼ። «እሷ ትዘጋለች። አንተን ደግሞ... ከፈለገችህ።»

ቁጥር አንድ ያኔ ነው መነጽሩን ያወለቀው። «እህቴ... እኛ እኮ ቤተሰብ ነን። ያኔ እኮ ቀልድ ነው!»

ይቅር አለችው ብላችሁ ጠበቃችሁ አይደል?

«ና» አለችው። «ግን ከኋላዬ ሆነህ ትቀበላለህ።»

እዘጋለሁ ብሎ ላገር ምድሩ አስነግሯል። ከነጭራሹ ከመቅረት ይሻላል ብሎ ዋጠው።

የኮንሰርቱ ቀን መድረኩ ላይ መስመር አሰመረች። ለድምፅ ባለሙያው፦ «ከዚህች መስመር አንድ እርምጃ ካለፈ ማይኩን ዝጋበት» አለችው።

ሰውየው አላስቻለውም! ልክ የእሷ አሥራ ስምንት ሰከንድ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ወደ ፊት ሮጠ። አፉን ከፈተ...

ምንም!

በትልቁ ስክሪን ላይ አፉ ይከፈታል ይዘጋል፣ ከውኃ የወጣ ዓሣ መሰለ። ስታዲየሙ ሳቀ። ከዚያ ሕዝቡ ያቺን ቦታ በቃሉ አብሯት ዘፈነ። እሷ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ማይኩም ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተከፈተም።

ጨካኝ ናት የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አበጀሽ ነው ያልኳት።

ትምህርቱ፦ ጭብጨባ በገበያ ይገኛል፣ ተመልሶ የሚመጣ ጆሮ ግን ማንም አይሸጥላችሁም። ከኋላችሁ ያቆማችሁትን ሰው ከመናቃችሁ በፊት፣ ሕዝቡ የሚመለሰው ለማን እንደሆነ አጣሩ።

እናንተ ብትሆኑ ማይኩን ትከፍቱለት ነበር? እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉ።

አሁን ደግሞ የምትወዱትን ዘፈን ክፈቱና ጣታችሁን ታዘቡ... የቱ ጋ ነው የምትመልሱት? እዛች ቦታ ላይ ያለው ድምፅ የማን ነው? ስሙን ፈልጉና እሱንም ጻፉልኝ። ሂዱ፣ አሁኑኑ ሞክሩት!