ከሁሉም በላይ የጮኸችው

በሌባው አንገት ላይ የሰረቀውን የውሃ ቆጣሪ አንጠልጥለው በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሲያዞሩት፣ ስንዱ ከደረጃው ሥር ቆማ የጎረቤቶቿን ዓይን ዓይን ታይ ነበር። ማን ያያታል? ማንስ ጠርጥሯታል?

«አንቺ ደግሞ ምነው ዝም አልሽ?» አሏት የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ድንበሩ፣ ትክ ብለው እያዩዋት። «ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«እኔ? ከየት አውቄው!» አለችና ሰዉን እየገፋች ወደ ፊት ወጣች። «ሌባ! አሳዳጊ የበደለው!» ብላ ከሁሉም በላይ ጮኸች። ምራቋንም ተፋችበት። ሰዉ አጨበጨበላት፤ የአቶ ድንበሩም ፊት ፈታ አለ። ያኔ እፎይ አለች።

ፖሊሶች መጥተው ሲወስዱት፣ ሌባው አጠገቧ ሲደርስ አንገቱን እንደደፋ በሹክሹክታ፣

«እታለም፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አላት።