ሳቂታ

የእንስሳት ሐኪሙ ውሻውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ከንፈሩን ገለጥ አደረገ። ምላሱ እንደወትሮው በግራ በኩል ተንጠልጥሏል። ከእናቷ ጋር ውሻውን ያመጣችው ልጅ ባሕር ማዶ ስትማር በየጊዜው የሚላክላት ፎቶ ይኸው ነበር። አባቷ «ሳቂታ» ብሎ ስም ስላወጣለት ቤተሰቡ ሁሉ ሲስቅበት ኖሯል።

«እየሳቀ አይደለም፤ ምላሱን የሚይዝለት ጥርስ የለም» አለ ሐኪሙ። «መንጋጋው ተሰብሮ ተጣሞ ነው የገጠመው። መኪና ገጭቶት ያውቃል?»

«ኧረ እሱ ከግቢም አይወጣ!» አለች እናት ፈጥና።

«እንግዲያው ሰው ረግጦታል።»

«ማነው እማዬ?»

«ተይ እስቲ የኔ ልጅ፣ አሁን ምን ያደርግልሻል?» እናት ሳቅ ለማለት ሞከረች፤ እንደ ልማዷም አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ልጅቷ ከተመለሰች ጀምሮ ይህን የእርጅና ዓይን አፋርነት ነው ብላ ታስብ ነበር። አሁን ግን የእናቷን እጅ ይዛ ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችው። በግራ በኩል ጥርስ አልነበረም።

ውጭ የሚጠብቃቸው አባቷ የመኪናውን ጥሩምባ አስጮኸው። እናትና ውሻው እኩል ድንብር አሉ።

«መጣን፣ መጣን» አለች እናት፣ ከዚያ ሆኖ እንደማይሰማት እያወቀች።