ሦስት ሽርጥ

ሠላሳ ዓመት ታሪክ ስታስተምር የኖረችው ሴት ጡረታ በወጣች በወሩ፣ ቦርሳዋን አዝላ ከአክሱም የሓ ድረስ በእግሯ ልትሄድ እንደሆነ ተናገረች።

«በዚህ ዕድሜሽ ፍርስራሽ ልታዪ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቱን ለማን ጥለሽ?» አላት ባሏ ሽብሩ።

«ሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርኩትን ቤተ መቅደስ በዓይኔ ሳላየው አልሞትም» አለችና የስፌት መኪናዋን መርገጧን ቀጠለች። የምታዝለውን ቦርሳ ራሷ ሰፍታ ጨርሳለች። በተረፋት ሸራ ደግሞ የወጥ ቤት ሽርጥ እየሰፋች ነው። ሽብሩም ሁለቱ ጎልማሳ ልጆቿም የማኅበሯ ሴቶች ያዘዟት መሰላቸው።

«እስቲ ቁም፣ ባንተ ልለካው» አለችው።

«በእኔ? እንዲህ ያለ ቦርጭ ያላት ሴት ደግሞ የትኛዋ ናት?»

«ቀጥ ብለህ ቁም!»

ልጆቹ ሳቁ። እነሱንም አንድ በአንድ አስነስታ ለካቻቸው።

ሽብሩ እስከ መጨረሻው ምሽት ድረስ ዛተ። «ቆይ፣ ስትሄጂ አያለሁ!»

«ታያለህ» አለችው።

ጠዋት ሲነሱ የለችም። ሦስቱ ሽርጦች ወጥ ቤቱ በር ላይ ተሰቅለዋል። በየደረታቸው ላይ በቀይ ክር ስም ተጠልፏል፤ ይልቃል፣ አቤነዘር፣ ሽብሩ።

ሽብሩ የራሱን አወረደና ኪሱን ዳበሰ። ብጣሽ ወረቀት አገኘ። በዚያ ቁልጭ ባለው የመምህር ጽሕፈቷ እንዲህ ይላል፦

«ሽሮው በግራ በኩል ያለው ጣሳ ውስጥ ነው።»